እጄ ሄደ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለማከብርዎት አክስቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ያ ብርድ ለቀቀዎት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ዝለል ዝለል እያለኝ ነው የምጽፍልዎት። በስልክ እንዳልነግርዎት "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ እንዳይቆጥርብህ" ብለው ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል። ስለዚህ ቁጭ ብለው፣ መነጽርዎን አድርገው ያንብቡልኝ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ደረስኩበት! ስለ እኛ ነው፣ ስለ ቤተሰባችን።

የምሠራበትን ቦታ ነግሬዎታለሁ፤ ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለው የስፌት ክፍል ነው። አምስት መኪና አለ። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የምናየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። መጋረጃ እንሰፋለን፣ አንሶላ እንጠግናለን፣ የአስተናጋጆቹን ኮት እናሳጥራለን። ከእኔ ቀጥሎ የምትቀመጠውን ሴት ዝምተኛዋ ነው የምንላት። ባለፈው ማክሰኞ የአንድ ኮት ኮሌታ ሰፍታ ጨረሰችና ምሳ ወጣች። እኔ ቶሎ በልቼ ተመለስኩና ቦታዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው፣ የምሳ ዕቃዋን እንደያዘች ፊቴ ቆማ ነው።

"ምን አድርጌህ ነው?" አለችኝ።

ዝቅ ብዬ ሳይ ኮሌታው ጉልበቴ ላይ ነው። ግማሹን ተርትሬዋለሁ! እምልልዎታለሁ እትዬ፣ መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።

ኃላፊያችን ጠራኝ። "በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰዎች ከዚህ ሰውዬ አጠገብ አንሣኝ ብለውኛል" አለኝ። "ሦስቱም በዚሁ ነገር ነው።" እኔ እኮ እንግዳ ስለሆንኩ የጠሉኝ ነበር የሚመስለኝ! ለካ ሳላውቀው የሰውን ሥራ እየተረተርኩ በሰላም ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

ልብስ የሚተኩስልን ሸምገል ያለ ሰው አለ፤ ባለካውያው እንለዋለን፤ መጽሐፍ ከእጁ አይለይም። እንፋሎቱ ውስጥ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። "ይሄ ካርማ ነው" አለኝ። ካርማ የሚባለው፣ የሠራኸው ክፉ ዞሮ የሚቀጣህ ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ይህንኑ ስነግረው ሳቀብኝ። "ማንም አይቀጣህም። እጅህ አንተ ሳታየው አንድ ነገር ይደጋግማል፣ የተደጋገመው ነገር ኑሮህ ይሆናል። ይኸው፣ አጠገብህ ያለው ወንበር ባዶ ነው።" ቀጠለና "እጅህ ይሄን ከማን ተማረው?" ብሎ ጠየቀኝ።

እትዬ፣ ያኔ ነው ዓይኔ የበራው። አይቆጡኝ እንጂ ከእርስዎ ነው! ልጅ ሆኜ እርስዎ ሱቅ የመጀመሪያ ሱሪዬን እጥፋት ሰፍቼ ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ተተርትሮ አገኘሁት። ሁለተኛውም እንዲሁ። እርስዎስ ከማን ተማሩት? ከአያቴ ከእማማ ነዋ! "እናቴ ቤት ሰፍቼ ያደረ ስፌት የለኝም" ሲሉ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሦስት ትውልድ ሙሉ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ሲተረትር!

ደስታዬ ምን እንደሆነ ልንገርዎት? የታወቀ ነገር ይቆማል። ቢጫው ቀሚስም ትዝ ብሎኛል፤ እሱን ግን ለዛሬ ተወት ላድርገው።

ጉልበትዎን ይሸፍኑ።
የወንድምዎ ልጅ፣ ቁልፍ


ኅዳር 9

ለወንድሜ ልጅ፣ ቁልፍ ውጦ ሦስት ቀን ላስጨነቀን ለቁልፌ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ክፉ አይንካህ፣ እንጀራህ ይባረክ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው፤ መውጣት ሲሆን ያመኛል፣ መውረድ ሲሆን እሱ ይቀድመኛል።

ሱቁ ደህና ነው። የፊቱን መስታወት አስቀይሬዋለሁ፤ አሁን ከውጭ ሰው ሲያልፍ ይታየኛል፣ እኔም እታያለሁ። ሾፌሩ ደንበኛችን እንደ ልማዱ ሱሪዬ ጠበበ ብሎ መጣ። በየስድስት ወሩ ሱሪው ነው የሚጠበው፣ እሱ ምንም አይሆንም! ወገቡን አሰፋሁለት። ጨርቅ አልቆ ሌላ ጨርቅ ቀጠልኩበት።

የጻፍከውን አነበብኩት። ይሄ ባለካውያ የምትለው ሰው ሥራ የለውም? የተጣመመ ስፌት ይተረተራል፣ ሌላ ምን ይደረጋል? ሱሪህ አንዱ እግር ከሌላው በሁለት ጣት ይረዝም ነበር። እንደዚያ ለብሰህ ትምህርት ቤት ብትሄድ መሳቂያ ነበርክ። ያተረፍኩህ እኔ ነኝ፣ ምስጋናህ ይኼ ሆነ። እናቴም እኔን ሰው ያደረገችኝ በዚያው ነው። የታወቀ ነገር ይቆማል ትላለህ፤ እኔ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ጉልበቴም የታወቀ ነው፣ መች ቆመ?

አንድ ነገር ላስቸግርህ። እናንተ ጋ ስፌት መተርተሪያ ትንሽ ሹካ የምትመስል፣ እጀታዋ ከእንጨት የሆነች ነገር አለች ብለኸኝ ነበር። እሷን ላክልኝ። በምላጭ ስተረትር ዓይኔ እየደከመ ጨርቅ እየነካብኝ ነው።

ቢጫ ቀሚስ ያልከው ምን እንደሆነ አላውቅም። በዚህ ሱቅ ስንት ቢጫ ቀሚስ ተሰፍቷል።

አክስትህ


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለእትዬ፤ ባሉበት ጤናና ሰላም ይብዛልዎት፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከምድር ቤት እስከ ላይ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ፣ ቀን ብርሃን ላይ ላንብበው ብዬ። በሾፌሩ ሱሪ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የሆቴሉ በረኛ አበደ ብሎኝ ይሆናል።

መተርተሪያዋን ግን አልልክም። ተቆጥቼ አይደለም። ምክንያቱን አሁን እነግርዎታለሁ።

መጀመሪያ የእኔን ይስሙ። መቀሴን፣ ምላጬን፣ ያቺን ሹካዬንም ሁሉ ለባለካውያው በአደራ ሰጠሁት። አንድ ነገር መቁረጥ ስፈልግ ክፍሉን አቋርጬ እሱ ጋ መሄድ አለብኝ። እሱም የሚጠይቀኝ አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፦ "የማን ልብስ ነው?" የራሴ ከሆነ ይሰጠኛል። የሌላ ሰው ከሆነ "ሂድ ተቀመጥ" ይለኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ስንት ጊዜ "ሂድ ተቀመጥ" የተባልኩ ይመስልዎታል? አሥራ ዘጠኝ ጊዜ! እግሬ ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል እኮ፣ እኔ የምነቃው እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታኝ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ስድስት ሆነ። በዚህ ሳምንት እስከ ዛሬ አንድ! እትዬ፣ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ ለአሳንሰሩ ሠራተኛ ነገርኩት።

አሁን ዋናውን ነገር። እባክዎ ደብዳቤውን አያጥፉት።

በቁመቷ ቀጭኔ የምንላት ልጅዎ ከቤት ከወጣች ስምንት ዓመት ሆናት። ስሟ አይጠራም፣ ሰው ሲጠይቅ "ለሥራ ሄደች" ይባላል። እኔ ግን ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቢጫው ቀሚስ ቀጭኔ ለመጀመሪያ ደንበኛዋ የሰፋችው ነው። ደንበኛዋን ልትጠራ ሄደች፤ ሁለቱ አብረው ሲገቡ እጅጌው ለብቻ፣ ወገቡ ለብቻ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ እርስዎም ቁጭ ብለው ክሩን እየለቀሙ ነው። ቀጭኔ መቀሷን አንሥታ ወጣች።

ጻፍኩላት እትዬ። አድራሻዋን ለማግኘት ሦስት ሰው አስቸገርኩ። ስለ እኔ እጅ፣ ስለ ባለካውያው፣ ስለ ወንበሩ ሁሉን ጻፍኩላት። መለሰችልኝ! ሌላ ከተማ የራሷ ሱቅ አላት። ቃሏን እንዳለ ልገልብጥልዎት፦ "ሚያዝያ ላይ እመጣለሁ። ለእማዬ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ። ከእጄ እንደወጣ ትልበሰው። አንዲት ክር ከነካች ግን የዚያኑ ቀን አውቶቡስ እይዛለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አትጠብቁኝ።"

እንግዲህ ይኸው ነው። ትምጣ ወይስ ትቅር? ቶሎ ይጻፉልኝ።

ቁልፍዎ


የካቲት 11

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ሁለት ወር አለፈ። ስልክም ደወልኩ፣ አያነሡም። ጎረቤት ጋ ደውዬ "ሱቋን ከፍታለች፣ ደህና ናት" ተባልኩ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እሱን በመስማቴ ተነፈስኩ።

የተቀየሙኝ እንደሆነ ይውቀሱኝ፣ ይስደቡኝ፣ ግን ይጻፉ። ቀጭኔ ቲኬቷን ቆርጣለች። ሚያዝያ 6 ነው የምትደርሰው። አትምጪ ልበላት?

ቁልፍ


መጋቢት 1

ለቁልፌ፤

ዕድሜህ ይርዘም። እዚያ ባዕድ ምድር ላይ የሚያይህ ዓይን ሁሉ የወዳጅ ይሁን።

ተቆጥቼ ነበር። ደብዳቤህን ቡትቶ ጨርቅ የማስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ወርውሬ አንድ ወር አልነካሁትም። ይሄ ትናንት አፍንጫውን ስጠርግለት የነበረ ልጅ እኔን ሊያስተምረኝ ነው ወይ አልኩ። በማን እንደምናደድ ግን ለራሴም አልገባኝም፣ ምክንያቱም ሚያዝያ ስንት ቀን ቀረው እያልኩ እቆጥር ነበር።

አሁን የምነግርህን ለማንም እንዳታወራ። ለባለካውያው ብቻ።

ለጉልበቴ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። ረጅም አግዳሚ ላይ ተራ እንጠብቃለን። አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች፣ የማላውቃት፣ ደህና ካፖርት የለበሰች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስለ እጅ መታጠብ የሚያወራ ወረቀት እያነበብኩ ነው። "እናቴ፣ ምን ሆኑ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የሴትዮዋ ካፖርት ጫፍ በእጄ ነው። የጠርዙን ክር አውጥቼ አንድ ክንድ ያህል ስቤዋለሁ፣ ጣቴ ላይ ጠቅልዬዋለሁ! ቁልፌ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለ። "ተንጠልጥሎ አይቼው ነው የኔ እመቤት" አልኳት። እሷም "አልተንጠለጠለም ነበር" አለችኝ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያየኛል።

ተራዬን ትቼ ወጣሁ። ሱቄ ገብቼ በሩን ዘጋሁና እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። የእናቴ እጆች ናቸው። ጥፍሩ ሳይቀር የእሷ ነው። እሷ እስክትሞት ድረስ ራሴ የሰፋሁትን ልብስ ለብሼ አላውቅም፣ ታውቃለህ? ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር።

ቢጫውን ቀሚስ አውቀዋለሁ። መች ረሳሁት! ልንገርህ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር። ምንም አልነበረበትም። ልጄ ደንበኛዋን ልትጠራ ስትወጣ አነሣሁትና ጉድለቱን ፈለግሁ። ወገቡን አየሁ፣ እጅጌውን አየሁ፣ ገለበጥኩት። ሳጣ ጊዜ ከውስጥ ይሆናል ብዬ ተረተርኩት። ከውስጥም አልነበረም።

ይኼን ስጽፍልህ እንባዬ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ሁለቴ ተነሥቼ ተመልሻለሁ።

ትምጣ! ለምን ትቀራለች? መተርተሪያዋንም እንዳትልክ፣ ከላክሃትም ፖስታ ቤት ትቅር። በምትኩ ያ ሰውዬ ሌላ ምን እንደሚል ጠይቅልኝ። እጄ ቢሄድብኝስ? እሷ ፊት ቢሄድብኝስ? መቀሴን የምሰጠው ሰው የለኝም። ዓይኔን ጨፍኜ አልቀበላት ነገር! ቶሎ ጻፍ፣ ፈጣን በሚባለው ፖስታ ላክ፣ ቀኑ እየሮጠ ነው።

አክስትህ


መጋቢት 14

እትዬ! እትዬ! እትዬ!

ሰላምታውን ልዝለለውና በኋላ እከፍላለሁ። ደብዳቤዎን ባለካውያው አጠገብ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ የካፖርቱ ጋ ስደርስ ሁለታችንም ግድግዳ ይዘን ሳቅን፤ ቀሚሱ ጋ ስደርስ እሱ ካውያውን አስቀመጠ።

ያለውን በቃሉ ልጻፍልዎት። "ከእጃቸው ጋር አይታገሉ። እጅ ሲታገሉት ይብሳል። ሲሄድ ባዩት ቁጥር 'እጄ ሄደ' ብለው ጮክ ብለው ይናገሩ። በድብቅ ነው የለመደው፣ ሲጠሩት ይደነግጣል።" ሰው ፊት ቢሆንስ አልኩት። "በተለይ ሰው ፊት" አለኝ።

እኔ ሳምንት ሙሉ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል! መጀመሪያ ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ፤ አሁን እኔ "እጄ ሄደ" ስል ኃላፊያችን ሳይቀር "መልሰው!" ይለኛል። ትናንት ደግሞ ምን ሆነ መሰለዎት? ዝምተኛዋ አንድ መጋረጃ ዘርግታ፣ ሳልጠይቃት፣ "እስቲ እየው" አለችኝ። ሁለት እጄን ኪሴ ከትቼ አየሁት። "በግራ በኩል ትንሽ ይወርዳል" አልኳት። "አዎ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር" ብላ ራሷ ተርትራ ራሷ አስተካከለችው። ያን ያህል ጊዜ በአፍ መናገር እየተቻለ!

ስለዚህ ዓይንዎን አይጨፍኑ። ይዩ፤ እጅዎ ሲሄድ ይጥሩት፣ ይበቃል።

ሚያዝያ 6 ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቤቴ እቀመጣለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ልቤ አያሠራኝም።

ቁልፍ


ሚያዝያ 8

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለቁልፌ፤

የወጣህበት ይቅናህ፣ የገባህበት ይሙላልህ። ያንን ሰውዬም ካውያው አያቃጥለው።

ወደ ነገሩ ልግባ፣ መቼም ወንበርህ ላይ አልተቀመጥክም።

መጣች። በአዲሱ መስታወት ከሩቅ አየኋት፤ ያው ቀጭኔ ናት፣ በሩን ዝቅ ብላ ነው የገባችው። ተቃቀፍን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፣ የገባ ደንበኛ አፍሮ ተመልሶ ወጥቷል። ከዚያ ከቦርሳዋ የታጠፈውን ቀሚስ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ውኃ ሰማያዊ ነው፣ ጨርቁ ሲነኩት ደስ የሚል። ፊቷን አየሁት። ፈገግ አላለችም።

ቁልፌ፣ ገና ስዘረጋው አየሁት። ኮሌታው ወደ ቀኝ በአንድ ጣት ይወርዳል። በአንድ ጣት! እሷ ደግሞ አንድ ጣት የምትስት ልጅ አይደለችም። ሆን ብላ ይሁን፣ እጇ ተንቀጥቅጦ ይሁን አልጠየቅኋትም። ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ ለበስኩት። መስታወት ፊት ቆምኩና "ልክ ነው፣ ሙቀቱ ደስ ይላል፣ ኮሌታው ወደ ቀኝ ይወርዳል" አልኳት። ልክ ዝምተኛዋን እንዳልካት በአፌ ብቻ። እሷም "አውቃለሁ" አለችኝ። አለቀ።

ምሳ አቀረብኩ። እየበላን ስለ ሱቋ ታወራልኛለች፣ እኔም እሰማለሁ፣ ቀስ እያለ አንድ ነገር አንገቴን ይነካኛል። የራሴ እጅ ነው! ኮሌታው ውስጥ ገብቶ ክር እየፈለገ ነው! ማንኪያዬን ጥዬ "እጄ ሄደ!" ብዬ ጮህኩ። ልጄ ከወንበሯ ዘለለች፣ ሽባ የሆንኩ መስሏት ውኃ ልታመጣ ነበር። ሁሉን ነገርኳት፣ የሐኪም ቤቱን ካፖርት ሳይቀር። ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ትን አላት። ከዚያም ሁለት ጊዜ ሄደብኝ፤ በሦስተኛው ከእኔ ቀድማ "እማዬ፣ ሄደ!" አለችኝ።

ሳቃችን ሲያልቅ ግን ያላልኩት ነገር እንዳለ አወቅሁ። "የቢጫው ቀሚስ ስፌት ቀጥ ያለ ነበር" አልኳት። "ጉድለት አልነበረበትም። ፈልጌ አጥቼ ነው የተረተርኩት።"

ሳህኖቹን አንሥታ ወደ ጓዳ ሄደች፣ ውኃ ስትከፍት ሰማኋት። ብዙ ቆየች። እኔ ቦርሳዋን እያየሁ ነበር፤ ይዛው ትወጣለች ብዬ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "ስምንት ዓመት ሙሉ የት ላይ ነው የሳትኩት እያልኩ ነበር" አለችኝ። ከዚያም አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

አመሻሹ ላይ እንንሸራሸር ብለን ልንወጣ በሩ ጋ ስንደርስ ምን ሆነ መሰለህ? "እማዬ፣ ነይማ፣ ሁለት ደቂቃ ነው" አለችኝ። ቀና ስል ስፒል በጥርሷ ይዛለች፣ ትንሽዬ መቀስ ከቦርሳዋ ወጥቷል፣ ኮሌታዬን ይዛዋለች! የሰፋችው እሷ፣ አትንኪው ያለችው እሷ! የእጇን አንጓ ያዝኩት። "ልጄ፣ እጅሽ ሄደ።"

እጇን አየችው። ቁልፌ፣ ፊቷን ብታየው! ስፒሉ ከአፏ ወደቀ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "ሁለት ሴቶች ነበሩኝ" አለችኝ። "ጎበዝ ሠራተኞች። ሁለቱም ጥለውኝ ሄዱ፤ አንዷ ባለፈው ወር ነው። ምን እንዳደረግኳቸው አልገባኝም ነበር።" ያንተን ደብዳቤ ስታነብም ስለ እኔና ስላንተ ብቻ የተጻፈ መስሏት ነበር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ትዝም አላለኝ። "ጻፊላቸው" አልኳት። ዛሬ ጠዋት ለሁለቱም ጻፈችላቸው፤ ፖስታ ቤት አብረን ሄድን፣ እኔ በሰማያዊው ቀሚሴ፣ ኮሌታዬ ወደ ቀኝ ወርዶ። ያየኝ ሁሉ እያየኝ አለፈ። ይዩኝ!

አውቶቡሷን አልያዘችም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ልቆይ አለችኝ። አሁን ከኋላዬ ያለው መኪና ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር እየሰፋች ነው። ድምፁ ይሰማኛል፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ነው የምጽፍልህ። ምን እየሰፋች እንደሆነ አላየሁም። ስትጨርስ ታሳየኛለች።

አክስትህ